ሦስት ቀን ብቻ የታጠበው ዱቄት

ጋሼ፣ ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ጠዋት ልክ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ጠብታ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ናሙና ለካሁና ማሽኑ «መድኃኒት አለበት» አለኝ። ጓንቴን አወለቅኩ፣ መልሼ አጠለቅኩ፣ ሌላ ባዶ ናሙና አስገባሁ። አሁንም አለበት። ሦስተኛም ሞከርኩ። አለበት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይኸው አሥራ አንድ ቀኔ ነው፤ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ከዳር ያደረስኩበት ጊዜ የለም። ይህን ደብዳቤ እንኳ ግማሹን የጻፍኩልህ ቆሜ ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም ነገር በማስቀደሜ አትቀየመኝ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክልኝ? ወገብህስ? ከበርጩማው ስትነሣ ቀስፎ የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘህ ነው የምትቃናው? እማዬስ እንዴት ናት? መነጽሯን ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ ኪሷ ውስጥ አኑራ መርፌውን በጣቷ እየዳበሰች ነው የምታጠልቀው? ባለቤትህ እትዬስ? ጉንፋኗ ለቀቃት? ልጃችሁ ጥርሶስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት ወይስ ገና በፉጨት ነው የምታወራው? እኔ እንቅልፍና ትዕግሥት ካልቆጠርክብኝ በቀር ምንም አልጎደለኝም፤ ጤናዬ ደህና ነው።

ረቡዕ ዕለት ስልኩ የተቋረጠ መስሎህ መልሰህ መላልሰህ መደወልህን አይቻለሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ አልተቋረጠም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ታላቅ ወንድም ላይ ስልክ መዝጋት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቅርታህን። ግን «ፈርሚና ይለፍ፣ ዝም አይነቅዝም» ስትለኝ በዚያ ሰዓት አፌን ብከፍት ከዘጋሁት የባሰ ይወጣኝ ነበር። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ መሰረዝ ይቻላል። ሁለት ገጽ ቀድጃለሁ፤ ይኼ ሦስተኛው ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ላስረዳህ። በስልኩ ላይ «አንድ ዱቄት ባይታጠብ ምን ይመጣል» ብለሃል። አልፈርድብህም፤ ነግሬህ አላውቅም። አንተ ደግሞ ጫማ ሠሪ ስለሆንክ ነገሩን ከሚመረምረው ኮሚቴ ሁሉ ቀድሞ ይገባሃል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሚውጠው መድኃኒት አለ። ደሙ ውስጥ ሲያንስ ሰውየው ይወድቃል፤ ሲበዛ እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል። በመካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ክሊኒኮቹ የሕሙማኑን ደም ወደኛ ላቦራቶሪ ይልካሉ፣ እኛ መጠኑን ለክተን ቁጥሩን እንመልሳለን፣ ሐኪሙ በዚያ ቁጥር ተመርቶ ክኒን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ደም ውስጥ ግን ሺህ ነገር አለ። ከሺህ ነገር መሐል ያንን አንዱን ለይቶ የሚይዝ ያዥ ያስፈልጋል። ድሮ የምንጠቀመው አንቲቦዲ ነበር፤ ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት ለመያዝ የሚያመርተው ማለት ነው፣ ከእንስሳ ደም ነው የሚወጣው። ሥራውን ያውቅበታል፤ ግን ቅምጥል ነው። ከሩቅ በበረዶ ሣጥን ይመጣል፣ መንገድ ላይ ከዘገየ ይሞታል፣ መብራት ከጠፋ ይሞታል። ሣጥኑ በሞቀ ቁጥር ሕሙማን ያለ ውጤት ይመለሱ ነበር።

እኔ አራት ዓመት የደከምኩበት ያንን ቅምጥል የሚተካ ዱቄት ነው። አንተ ቆዳውን በእንጨቱ እግር ላይ ወጥረህ ትቸነክረዋለህ፤ ሲደርቅ እንጨቱን ታወጣለህ፤ ጫማው ባዶውን ቀርቶም የእግሩን ቅርጽ አይረሳም። የኔም እንደዚያው ነው። መድኃኒቱን ራሱን ፈሳሽ ውስጥ አኖርና ትንንሽ የፕላስቲክ ፍሬዎች ዙሪያውን እንዲከቡት አደርጋለሁ። ከዚያ አጠነክራቸዋለሁ፤ ድንጋይ ይሆናሉ። ያንን ድንጋይ እፈጨዋለሁ፣ እነፋዋለሁ፣ በመጨረሻም መድኃኒቱን አጥቤ አወጣዋለሁ። ዱቄቱ ውስጥ የሚቀረው በመድኃኒቱ ልክ የተሠራ ባዶ ቦታ ነው። የሰው ደም በላዩ ሲያልፍ ያ ባዶ ቦታ የራሱን መድኃኒት ለይቶ ይይዛል፣ ሌላውን ይሸኛል። ከዚያ የያዘውን እናስለቅቀውና እንለካለን። በረዶ አይፈልግ፣ እንስሳ አይፈልግ፤ መደርደሪያ ላይ ዓመት ይቀመጣል። በመጽሐፍ ቋንቋ «ቅርጽ የታተመበት ፖሊመር» ይባላል። እኛ ዱቄቱ እንለዋለን።

እንግዲህ እንጨቱ ጫማው ውስጥ ቢቀርስ? አንተ ወዲያው ታየዋለህ። የኔን እንጨት ግን ዓይን አያየውም። ዱቄቱ በደንብ ካልታጠበ መድኃኒቱ በየስርቻው ተደብቆ ይቀራል፤ በኋላ የሰው ደም ሲፈስበት ቀስ እያለ ይወጣና ከሰውዬው መድኃኒት ጋር ተደምሮ ይቆጠራል። መድኃኒቱ ያነሰበት ሰው «በዝቶበታል» ተብሎ ይጻፍለታል። ሐኪሙም አምኖን ክኒኑን ይቀንስበታል። ለዚህ ነው እኔ አሥር ቀን የማጥበው፤ በአልኮልና ኮምጣጤን ኮምጣጤ ባደረገው አሲድ፣ ባዶው ናሙና ሦስት ቀን በተከታታይ ባዶ እስኪሆን። ከጸጉሬ ሽታው አይለቅም። የበሩ ጥበቃ «ኮምጣጤ መጣች፣ ሰላጣ ያላችሁ አምጡ» እያለ ነው የሚያስገባኝ። እሱ ሲለኝ እስቃለሁ፤ ወድዶ ነው የሚለው።

አለቃዬን ለስላሳው እንለዋለን። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምተን አናውቅም፤ በር እንኳ ሲዘጋ አይሰማም። ቢላዋም ለስላሳ ነው፣ ጋሼ። ባለፈው ዓመት ስለ ዱቄቱ የታተመው ጽሑፍ ላይ የተዘረዘሩት ስሞች አራት ናቸው፤ የኔ የለበትም። እኔ ያለሁት መጨረሻ ላይ፣ እናመሰግናለን በሚለው ሥር፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቀጥሎ ነው። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። «በሚቀጥለው እናስገባሻለን» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን ለናንተ አልጻፍኩም፤ ጥርሶ ለጓደኞቿ «አክስቴ መጽሐፍ ላይ ወጥታለች» ትላለች ብላችሁኝ ስለነበር አፍሬ።

ሌላም ነገር ነበር። ዱቄቱን ስንሠራ በመድኃኒቱ በራሱ ፋንታ የመድኃኒቱን መሳይ፣ የቅርብ ዘመዱን እንጠቀም ብዬው ነበር። ቅርጹ ስለሚቀራረብ ባዶው ቦታ መድኃኒቱን ይይዘዋል፤ ከእጥበት የተረፈ ቢወጣ ደግሞ ማሽኑ ዘመዱን ከባለቤቱ ለይቶ ያውቀዋል፣ ማንንም አያሳስትም። ስድስት ወር ይፈጃል አልኩት። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጻፊው» አለኝ። ጻፍኩት። መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ሲከፈት አይቼዋለሁ፤ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦበታል።

ባለፈው ወር ሦስተኛውን ዙር ዱቄት እጥበት ላይ ጥጄ በማግሥቱ ለሥልጠና ተላክሁ፤ ሁለት ሳምንት፣ ለሦስቱ ክሊኒኮች ሠራተኞች። ከመሄዴ በፊት ያደረግኩትን አሁን ልንገርህ። ለኮሚቴውም በጽሑፍ ሰጥቻለሁና ላንተ አልደብቅም። መዝገቡ ላይ ስንት ቀን እንደታጠበ፣ ባዶው ናሙና ምን እንዳሳየ የሚጻፍበት መስመር አለ፤ በስተቀኙ ፊርማ። ፊርማ የሌለበት መስመር ሥራ ያስቆማል። ስለዚህ እዚህ ቤት ለመንገድ የሚወጣ ሰው ሁሉ ባዶው መስመር ላይ ቀድሞ ፈርሞ ይሄዳል፤ የቀረው ቁጥሩን ይሞላለታል። እኔም ፈረምኩ። ሁሉም ያደርገዋል ማለት ጽድቅ አያደርገውም፤ ጥፋቴ ነው፤ ይህችን እወስዳለሁ።

እኔ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ለስላሳው እንግዶች ይመጣሉ አለ። ዱቄቱን ሊያዩ፣ ስንት ክሊኒክ ሊያገለግል እንደሚችል ሊጠይቁ። አዲሱን ዙር ማሳየት ፈለገ። ሚዛን ላይ የምትሠራውን ባልደረባዬን «አውጪውና አድርቂው» አላት። ገና ሦስት ቀኑ ነው ስትለው «እሷ ታካብዳለች፣ ለጥንቃቄ ብላ ነው አሥር የምትለው» አላት። መዝገቡ ላይ ግን «አሥር» ተብሎ እንዲጻፍ አደረገ፤ ባዶውን ናሙና ማንም ሳይለካው «ምንም» ተብሎ ተሞላ። ፊርማው እዚያው ነበረ፣ የኔ። እንግዶቹ መጡ፣ ዱቄቱን በጣታቸው ነክተው አደነቁ፣ ሄዱ። ዱቄቱም ሥራ ጀመረ። የጠዋቱ የባዶ ናሙና ልኬትም «ዱቄት ይፈጃል» ተብሎ ቀረ። እስክመለስ የሠላሳ ሰባት ሰው ውጤት ወጥቷል።

ማክሰኞ ዕለት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እንደ ልማዴ ባዶውን አስቀደምኩ። የቀረውን መጀመሪያ ላይ ነግሬሃለሁ። በሩጫ ወደ ለስላሳው ቢሮ ገባሁ፣ ሁሉንም ነገርኩት፣ ክሊኒኮቹ ዛሬውኑ ይነገራቸው አልኩት። ከወንበሩ አልተነሣም። «ረጋ በይ። እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ለማንም አትደውዪ» አለኝ። ረጋሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ረጋሁ፣ ረቡዕ ሙሉ ቀን ረጋሁ፣ ሐሙስም ረጋሁ። እኔ፣ ጋሼ፣ አንተ «ይህች ልጅ ዝናብን ትጣላለች» የምትለኝ እህትህ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ጸጉር ቆራጭ መጣ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ከንፈሩ አብጧል። ጥበቃው ሊያስገባው አልፈለገም ነበር፤ እኔ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ክሊኒኩ «በደምህ ውስጥ በዝቷል» ብሎ ክኒኑን በግማሽ ቀነሰበት። ረቡዕ እለት ምላጭ በእጁ እንደያዘ መስታወቱ ላይ ወደቀ። «እህቴ፣ በዝቶበታል ያላችሁት እናንተ ናችሁ አሉኝ። እስቲ በምን ዓይታችሁ ነው? እኔ ሰው ስቆርጥ ዓይኔን ገልጬ ነው» አለኝ። ፊቴን አይቶ ያዘነልኝ መሰለኝ፤ ሊያስቀኝ ሞከረ። «ደንበኛዬ እኮ ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ነው የሮጠው። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በዚያ ሁኔታ ሚስቱ እንዴት እንደተቀበለችው ባየሁ» አለ። ከዚያ የተጠቀለለውን እጁን አየና «በዚህ ነው የምበላው» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ረቡዕ ነው የወደቀው፣ ጋሼ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አውቄያለሁ። ማክሰኞ ደውዬ ቢሆን ረቡዕ ጠዋት ሙሉውን ክኒን ይውጥ ነበር። ያ ብቻ ላያድነው ይችላል፤ ሊያድነውም ይችል ነበር። አንተ ዝም አይነቅዝም ትለኛለህ። እኔ ያንን ዝምታ በዓይኔ አየሁት፤ በፋሻ ተጠቅልሎ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለማንም ሳልነግር ለሦስቱም ክሊኒኮች ደወልኩ። የሕሙማኑን ስም እኔ አላውቀውም፤ እኔ ዘንድ ያለው የናሙናው ቁጥር ነው፣ ስሙ እነሱ ዘንድ ነው። ሠላሳ ሰባቱን ቁጥር አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ ውጤቱ ውድቅ ነው፣ ሰዎቹን ጥሩና እንደገና ደም ውሰዱ አልኩ። ሁለቱ ወዲያው ጻፉ፤ አንዷ ነርስ እንዲያውም ስትጽፍ እየረገመችን ነበር፣ ደስ አለኝ። የሦስተኛው ክሊኒክ ሐኪም ግን «አንቺ ማን ነሽ? ሹመትሽስ ምንድነው?» አለኝ። «የዱቄቱ መዝገብ ላይ ፊርማዋ ያለባት ነኝ» አልኩት። ወረቀት ሲያገላብጥ ሰማሁ፤ ከዚያ «እሺ፣ አንብቢልኝ» አለ።

ሰኞ ለስላሳው ጠራኝ። የሠራተኛ አስተዳደሯም አብራው አለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ፤ «በሠራተኛዋ የእጥበት ቸልተኝነት የተከሰተ» ይላል። ስሜ ደግሞ ሙሉውን ተጽፏል። ለክብሩ ጊዜ ስሜ ረዝሞባቸው ከጽሑፉ ቀረ፤ ለጥፋቱ ጊዜ እስከ አያታችን ድረስ ጽፈውታል! ነፍሱን ይማረውና አያታችን በሕይወቱ አንድ ጠርሙስ አልሰበረም። «የኔ ልጅ፣ ማንም አያባርርሽም። ስህተት ሰውን ያሳድጋል። ፈርሚና ወደ ሥራሽ ተመለሺ» አለኝ ለስላሳው። የዱቄቱ ሥራ በኔ ኃላፊነት እንደሚሆንም ጨመረበት፣ እንደ ማር። መሳቢያው ውስጥ ያለውንም ሐሳቤን አነሳው፤ ለካ አንብቦታል። ሕሙማኑን ስለማስጠራቴ ግን ተቆጣ፤ ሲቆጣ የሚያደርገው ብዕሩን መክደን ነው። «ሁሉም ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ነበራቸው። ያኔ በአዲስ ዱቄት ይለካሉ፣ ይስተካከላል። ሰውን ማስደንገጥ ምን ይጠቅማል?» አለ። አስተዳደሯ መዝገቡን ወደኔ አዙራ «ፊርማው ያንቺ አይደለም?» አለችኝ። የኔ ነው አልኩ። «እንግዲያው?» አለች። እንግዲያው ቁጥሩ የኔ አይደለም አልኳት። ወረቀቱን ሳልፈርም አጥፌ መለስኩላቸው። ሳልወጣ፣ ጉዳዩ በሚቀጥለው ሰኞ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል ብለው የመግቢያ ካርዴን ተቀበሉኝ። በሩ ላይ ጥበቃው ካርዴን ሲጠይቀኝ ባዶ እጄን አሳየሁት። «ኮምጣጤዬ» ብሎ ቀረ።

ባለሚዛኗ ተከትላኝ እስከ አውቶቡስ መቆሚያው መጣች። ሦስት ልጆች አሏት። «አውጪው አለኝ አወጣሁት፣ ጻፊ አለኝ ጻፍኩት፣ ምን ላድርግ?» እያለች አለቀሰች። ሰኞ ኮሚቴው ፊት ይህንኑ ብትናገር አልኳት። አውቶቡሱን አየች፣ ጫማዋን አየች፣ «እስቲ» አለች። በ«እስቲ» ላይ ቤት አይሠራም። ግን እርሷን መጥላት አልቻልኩም፤ ሞክሬያለሁ።

ረቡዕ ለአንተ ደወልኩ። አንተም የምትወደኝ ስለሆንክ ፈራህ። «የአባታችን በርጩማ ላይ የቀረሁት አንቺ እንድትማሪ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ፎቶሽን ሱቄ ውስጥ እያየ ነው ጫማ የሚያሠራው፤ አሁን ተባረረች ልበላቸው?» አልከኝ። ይህ ቃል አጥንቴ ድረስ ገባ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥተህ መዶሻ እንዳነሳህ አልረሳሁም፤ ብረሳም እጅህን አይቼ አስታውሰው ነበር። ግን እኮ ጋሼ፣ ይህን ግትርነት ከማን ተማርኩት? የፖስተኛው ጫማ ትዝ ይልሃል? ሶሉ በመጥፎ ማጣበቂያ ተጣብቆ እንደሄደ ያወቅክ ቀን እራትህን ትተህ ቤቱ ድረስ ሄድክ፤ ሰውየው «እኔ እኮ ምንም አላየሁበትም» እያለህ ከእግሩ አስወልቀህ ይዘኸው መጣህ። እማዬ «እብድ» አለችህ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ትልቁ ሰው አንተ ነበርክ። ያ ጫማ ነው፤ ቢለቅ ሰውየው ዝናብ ይገባበታል። የኔ ቢለቅ ሰው መስታወት ላይ ይወድቃል።

ከሠላሳ ሰባቱ ሠላሳ አራቱ ተገኝተዋል፤ ነርሷ ናት በየቀኑ የምትነግረኝ። አብዛኞቹ ክኒናቸው ተቀንሶ ነበር፤ ተመልሶላቸዋል። ጸጉር ቆራጩም ሙሉውን ጀምሯል። ሦስቱ አልተገኙም። አንዱ ስልኩ ተዘግቷል፣ አንዷ ከነበረችበት ቤት ለቅቃለች፣ አንዱ ደግሞ የሰጠው ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ክፍሌ በቁመቷ ስድስት እርምጃ፣ በወርዷ አራት ናት፤ ለክቻታለሁ፣ በዚህ ሳምንት መቶ ጊዜ። ያጠብኩትን ልብስ ደግሜ አጥባለሁ። ዳቦ ልገዛ እወጣና ሳልገዛ እመለሳለሁ። አከራዬ «ልጄ፣ ወለሉ ያልቅብሻል» አሉኝ። መንገድ ላይ መሰላል ላይ የወጣ ሰው ካየሁ እስኪወርድ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደረጃ የምትወርድ ሴት ካየሁ ከኋላዋ እሄዳለሁ። ትናንት አንዷ ዞራ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። ክኒንሽን ውጠሻል ወይ ልበላት? ስልኬ በጮኸ ቁጥር ነርሷ ናት ብዬ እዘልላለሁ። አንተ ስትደውል ደግሞ አላነሳም። የተገላቢጦሽ ሆኖብኛል።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይቀመጣል። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ለስላሳውን ይፈሩታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ። ያባርሩኝ ይሆናል። ሌላ ቤት ሥራ ስጠይቅም ወደ እሱ ደውለው ይጠይቁታል፤ እሱም በዚያች ለስላሳ ድምፁ አንድ ነገር ይላል። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ አላሰበችም እንዳትለኝ። ደግሞም አልዋሽህም፣ እፈራለሁ። ባዶ ቦርሳ ይዤ ደጅህ ላይ መቆምን እፈራለሁ። ቢሆንም ዱቄቱን መሥራት የማውቀው እኔ ነኝ፤ መዝገቡን ቢወስዱ እጄን አይወስዱም።

እማዬን ጉልበቷን ስመህ ደህና ናት በልልኝ፤ የቀረውን ራሴ እነግራታለሁ፣ ካንተ አፍ ከሰማችው ከኔ ይልቅ ላንተ ታለቅሳለች። እትዬን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ እጅጌው ብቻ ለዝንጀሮ የተሠራ ይመስላል በላት፣ ትስቃለች። ጥርሶን አንዴ በዚህ ጉንጯ አንዴ በዚያ ሳምልኝ፤ አክስትሽ መጽሐፍ ላይ አልወጣችም፣ ቢሆንም ሥራው የእርሷ ነው ብለህ እውነቱን ንገራት፤ ትልቅ ልጅ ናት፣ ይገባታል። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውና ለሚስቱ፣ ሱቅህ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ለሚውሉት ለጡረተኛው አስተማሪም ሰላምታዬ ይድረስ። የኔታ ስለ ፊርማ ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው፤ ከአንተና ከኔ ይልቅ ብዙ ፈርመዋል።

ፎቶዬን ከሱቅህ ግድግዳ ማውረድ ከፈለግክ አውርደው፤ አልቀየምህም። ሰኞ ግን ባዶ መስመር ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ሦስት ቀን ደውዬ ያልተናገርኩትም እኔ ነኝ እላለሁ፤ ዱቄቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ ግን አልልም። ድካሜ በሌላ ስም፣ የሌላ ሰው ጥፋት በኔ ስም ሲጻፍ ከእንግዲህ አልቀበልም። የማላውቃቸው ሦስት ሰዎች የት እንደሚወድቁ ሳይታወቅ ነገሩ አልፏል መባልን አልቀበልም። ካንተም ቢሆን፣ ጋሼ፣ እጅህን ስሜ ነው የምልህ፣ «ለኔ ስትዪ ዝም በይ» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ አልቀበልም።

እህትህ

ከስድስት እርምጃዋ ክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የካቲት 16 ቀን